የጋሽ ደምሴ ጀርመንኛ

ይህ ታሪክ መጻፍ እንዳለበት እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ትልቅ ሰው የጀማሪ ጀርመንኛ ክፍል ገቡ፣ አንድ ሴሚስተር ተማሩ፣ ከዚያ ቀሩ። ነገሩ ይኸው ነው። በየዓመቱ ስንቱ ተመዝግቦ ስንቱ ይቀራል፤ ማን ስለዚያ ይጽፋል? እኔም ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሰው ለመጻፍ ምን አውቄ እያልኩ ጀምሬ ስተወው ከረምኩ።

የሁለተኛው ሴሚስተር የመጀመሪያ ቀን ግን ከማሞቂያው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። መምህራችን አንከ ስም ጠርታ ስትጨርስ ወንበሩን አየችና ወደ እኔ ዞራ "ደምሴስ?" አለችኝ። ማብራራት ጀምሬ አቃተኝ። ጀርመንኛዬ አይበቃም፤ እንግሊዝኛዬም ቢሆን ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ አልመሰለኝም። "አይመጡም" ብቻ አልኳትና ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ያ መልስ ከነከነኝ። ስለዚህ ሙሉውን በአማርኛ ልሞክረው።

ጀርመንኛ የመረጥኩት ፈልጌ አልነበረም። የውጭ ቋንቋ መውሰድ ግዴታ ነው፤ ስፓኒሽ ሞልቶ ነበር። አማካሪዬ "ጀርመንኛ ቦታ አለው" ስትለኝ እሺ አልኩ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ነው የምለው።

ክፍል ስገባ ጋሽ ደምሴ ከሁሉም ቀድመው ተቀምጠዋል። ገና ሴፕቴምበር ነው፤ ልጆቹ በቁምጣና በነጠላ ጫማ መጥተዋል። እሳቸው ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ፈተና የሚጠብቁ ይመስላሉ። ዩኒቨርሲቲው ትርፍ ቦታ ካለ አዛውንቶች ያለ ውጤት ገብተው እንዲማሩ ይፈቅዳል፤ በዚያ ነው የገቡት። አንከ አንድ በአንድ ስማችንን በጀርመንኛ አስነገረችን። የእኔ ተራ ደርሶ "ኢሽ ሃይሰ ቤዛ" እንዳልኩ ጋሽ ደምሴ ከፊት ዞሩና በአማርኛ፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ፣

"ቤዛ? የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

ሁሉም እኔን አየ። ፊቴ ጋለ። አንከ እየሳቀች "ጀርመንኛ ብቻ!" ስትል ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ግማሽ ያህል ተነስተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ለእኔ በሹክሹክታ፣ "ሲያልቅ ትነግሪኛለሽ።"

ሲያልቅ ነገርኳቸው፤ እናቴን፣ የምንሄድበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ እንደምንኖር።

"ኒው ሆፕ! ከዚያ እኮ ሁለት ሰው አመላልሳለሁ" አሉ። ሥራቸው የኩላሊት ሕመምተኞችን በቫን ወደ ዲያሊሲስ ማመላለስ ነው። "ጠዋት አደርሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት እመልሳቸዋለሁ። መሀል ላይ የምትተርፈውን ሰዓት ነው ለጀርመንኛ የሰጠኋት።"

"አይደክምዎትም?"

"ይደክመኛል እንጂ። ድካም ምን ያደርጋል ብለሽ ነው፤ እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይማራል።"

ለምን እንደሚማሩ የነገሩኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ታላቅ ወንድማቸው፣ ጋሼ ብርሃኑ፣ በወጣትነቱ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ሚስትም ልጅም የለውም። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታውና የመንከባከቢያ ቤት ገባ። ሲነቃ አማርኛው የለም። ሐኪሞቹ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል አሉ፤ አንዱ ቋንቋ ይጠፋል፣ አንዱ ይቀራል። የቀረው ጀርመንኛው ነው፤ እሱም ትንሽ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እንገናኛለን" አሉኝ። "ነርሷ ስልኩን ትይዝለታለች። እኔ በአማርኛ አወራዋለሁ፤ ዝም ብሎ ያየኛል። እሱ የሆነ ነገር ይለኛል፤ አይገባኝም። ይደግመዋል፤ አሁንም አይገባኝም። ከዚያ ይናደድና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስንት ዘመን በስልክ ሲስቅብኝ የኖረ ወንድሜ እኮ ነው።"

"ለምን ሄደው አያዩአቸውም?"

ደረታቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። "ጸደይ ላይ ከፍተው ጠግነውኛል። ዶክተሩ ፍላይት የለም ብሏል። ዲሴምበር አይቶኝ ይወስናል። እስከዚያ ቋንቋውን ልያዝና ስደርስ ፊቱን እንዳያዞርብኝ ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ለእኔ ሌላ ክፍል ሆነ። ሌሎቻችን ውጤት እንፈልጋለን፤ እሳቸው የሚፈልጉት የአንድ ሰው ፊት ነው።

አንከ ሰላምታ ስታስተምረን የሆነውን ሁሌም አስታውሳለሁ። ጥንድ ጥንድ ሆነን "እንዴት ነህ፣ ደህና፣ አንተስ፣ ደህና" ብለን ባጭሩ መጨረስ ነበረብን። ጋሽ ደምሴ ኮዲ ከሚባል ከእርሻ አገር የመጣ ረጅም ልጅ ጋር ተጣመሩ። እንዴት ነህ አሉት። ደህና አለ። ደግመው እንዴት ነህ አሉት። ደህና አለ፣ ግራ ገብቶት። እናትህስ? አባትህስ? ወንድም አለህ? እሱስ እንዴት ነው? አንተስ ግን እንዴት ነህ? ሌሎቹ ጨርሰው እየሳቁ ያዳምጣሉ። ኮዲ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ "እውነቱን ልንገርዎት፣ ትናንት ማታ አልተኛሁም" አለ።

አንከ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ በጀርመን አንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው።

"አንድ ጊዜ ጠይቄ በምን አውቃለሁ?" አሉ ጋሽ ደምሴ። "የመጀመሪያው 'ደህና' የአፍ ነው። ይኸው ልጁ አለመተኛቱን የነገረኝ ስንተኛው ላይ ነው?"

ክፍሉ ሳቀ፤ አንከም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ኮዲ ሁልጊዜ ክፍል ሲገባ እየመጣ ይጨብጣቸው ነበር። እኔንም እንዲሁ ነው የሚጠይቁኝ፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ እውነቱን እናገራለሁ፤ ኬሚስትሪው እንደከበደኝ፣ እናቴ ደብል ሺፍት እየሠራች ሳንተያይ እንደምንውል። ምንም አይመክሩኝም። "አይ ልጄ" ይላሉ፤ ይበቃኝ ነበር።

ከክፍል በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካለው የመጠጥ መሸጫ ማሽን አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እናጠና ነበር። መጽሐፉ ምግብ ቤት ማዘዝ፣ ባቡር መያዝ፣ የእረፍት ጊዜ ማሳለፊያ መናገር ያስተምራል። ጋሽ ደምሴ እነዚህን ሁሉ እንደ ግብር ይከፍሏቸዋል፤ የሚፈልጉት ሌላ ነው። በላህ ወይ? በረደህ ወይ? ምንህን ነው የሚያምህ? ትራሱን ላስተካክልልህ? እነዚህን አንከን እየጠየቅኩ አመጣላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደጋግመው ይሏቸዋል። ዓይናቸው እየተከደነ ሳለ እንኳ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ነገ እንቀጥል፣ ደክሞዎታል" ስላቸው፣

"አንቺ ደግሞ እንደ ሐኪም አትሁኚብኝ" ይሉኛል። "አንዴ ብቻ። 'በላህ ወይ'ን በይልኝ።"

በኦክቶበር አንድ ሰኞ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ቤዛ! መለሰልኝ!" ቅዳሜ ለወንድማቸው በጀርመንኛ በላህ ወይ ብለውታል። ጋሼ ብርሃኑ አተኩሮ አያቸው። ከዚያ "ዙፐ" አለ፤ ሾርባ። ቀጥሎም አፉን ጠምዝዞ "ሽሌሽት" አለ፤ መጥፎ።

"ሾርባው መጥፎ ነው አለኝ! ገባኝ እኮ! እኔም 'አዎ መጥፎ ነው' አልኩት። ሳቀ። ግማሹ ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ በግማሹ ሳቀልኝ።"

ይህንኑ ለክፍሉ በጀርመንኛ እንዲናገሩ አንከ ጠየቀቻቸው። "ወንድሜ። ሾርባ። መጥፎ" አሉ ቀና ብለው፤ ሁሉም አጨበጨበ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በኖቬምበር አጋማሽ፣ እሑድ ዕለት፣ ባቡር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ጽጌ ናቸው። አንዴ ክፍል ድረስ መድኃኒት ሊያደርሱላቸው መጥተው ተዋውቀናል።

"ቤዛ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ባቡር ላይ ነኝ እትዬ።"

"ሐበሻ አለ አጠገብሽ?"

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። "የለም።"

"ጋሼ ብርሃኑ አረፉ።" ድምፃቸው ተቆረጠና እንደገና መጣ። "እዚያ ያለ አንድ ሐበሻ ጓደኛቸው ነው ለእኔ የደወለልኝ። እነሱ ይቀብሯቸዋል።"

"ጋሽ ደምሴ ሰሙ?"

"ኧረ አንቺ ልጅ! ልቡን ታውቂው የለም ወይ? እንዲህ በድንገት ይሰማል? ዲሴምበር ላይ ዶክተሩ ጋ አፖይንትመንት አለው። እህቱም ከሲያትል ያኔ ትመጣለች። ሰው ተሰብስቦ፣ ጠዋት በሥርዓቱ ይረዳል። የቅዳሜውን ስልክ እዚያ ቤት ጉንፋን ገብቶ ነው፣ ማንንም አያገናኙም ብዬዋለሁ። አደራሽን። አንቺ ብቻ ፊትሽን ጠብቂልኝ። ፊትሽ ሁሉን ያወራል።"

"እሺ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በአገራችን ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዲሰማ አይተውም። የሚያለቅሱለት ሰዎች እስኪሰበሰቡ ይደበቅለታል። እናቴም የአያቴን ሞት የሰማችው እንዲሁ ነው፤ ከእሷ በቀር ሁላችንም አውቀን።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ጋሽ ደምሴ ከማሞቂያው አጠገብ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ስቀመጥ ለሦስተኛው ጥያቄ እየተዘጋጀሁ ነበር፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አልሰጋሁም።

"እንዴት ነሽ ቤዛ?"

"ደህና ነኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና መጽሐፋቸውን ገለጡ። በቃ። ሌላ አልጠየቁኝም። ተመስገን ብዬ ተነፈስኩ፤ ደክሟቸው ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድም ቀን አልቀሩም። በረዶው መውረድ ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ገና አሥር ተኩል ሳይሆን ይጨልማል። እኛ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ እንላለን። ስለ ቅዳሜው ስልክ እሳቸው አያነሱም፤ እኔም አልጠይቅም። አንዳንዴ አንድ ቃል መሀል ላይ ያቆሙና ማሽኑን ያያሉ። እኔ ጠርሙሶቹን የሚያዩ መስሎኝ "ውሃ ላምጣልዎት?" እላለሁ። "አይ፣ ይቅር" ይላሉ። ቤት ስገባ ከደብል ሺፍት የመጣችው እናቴ ሳትሆን እኔ እመስል ነበር።

የሴሚስተሩ መጨረሻ የቃል ፈተና አለው። ጥንድ ሆነን፣ በአንከ ቢሮ፣ የስልክ ንግግር ማቅረብ። ጋሽ ደምሴ ውጤት ባይኖራቸውም እፈተናለሁ አሉ፤ ከእኔ ጋር።

"ምግብ ቤት ቦታ እናስይዝ፤ እሱ ቀላል ነው" አልኳቸው ፈጥኜ።

"እኔ የተዘጋጀሁት ለአንድ ስልክ ነው" አሉ። "አንቺ ጋሼን ሁኚልኝ።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እሺ አልኩ።

የአንከ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ጉልበታችን ሊነካካ ይደርሳል። ጋሽ ደምሴ ክራቫት አስረው መጥተዋል። እጃቸውን እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ እኔም አደረግኩ። በጀርመንኛ እንዴት ነህ አሉኝ። ደህና አልኩ። እንዴት ነህ አሉኝ። ደህና። አንከ ፈገግ ብላ የሆነ ነገር ጻፈች። በላህ ወይ አሉኝ። "ሾርባ" አልኩ፤ እንደተለማመድነው። "መጥፎ" አልኩ። እሳቸውም "አዎ፣ መጥፎ ነው" አሉ። ትራሱ ጥሩ ነው? ጥሩ ነው። በረደህ? አልበረደኝም።

የተለማመድነው እዚህ ላይ ያልቃል። ቻው ተባብለን መዝጋት ነበረብን። እሳቸው ግን እጃቸውን ከጆሯቸው ሳያወርዱ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ያምሃል ወይ?

ጀርመንኛው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። የቀረችኝን አወጣሁ። "ናይን" አልኩ፤ አይ። "አሁን አያመኝም።"

እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ይበልጥ አስጠጉ።

"ሽላፍ ጉት፣ ጋሼ" አሉ። ደህና ተኛ።

አንከ እጆቿን አጨብጭባ በጣም ጥሩ፣ በጣም ተፈጥሯዊ አለች። "ጋሼ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ስሙ ነው" አሏት።

ከቢሮው ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ።

"ቤዛ" አሉኝ፣ "ከእንግዲህ ፊትሽን ማሳረፍ ትችያለሽ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"የሰማሁት እሑድ ዕለት ነው። ቫኑን ላጥብ ወጥቼ ነበር። የጀርመን ቁጥር ሆነብኝ። ያቺ ስልኩን የምትይዝለት ነርስ ናት። ሁሌ የምደውለው እኔ ስለሆንኩ የእኔን ቁጥር ነው የያዙት። የነሱ አገር ሰው መርዶ አያውቅም፤ ቀጥ አድርጋ ነገረችኝ። ግን ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚናገር ሰው። ወንድምህ ዛሬ ጠዋት ሞተ አለች።" ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉት። "ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ደስ አለኝ። ያለ አንቺ፣ ያለ አንከ፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ገባኝ ብዬ። ከዚያ ነው ያለችው ነገር የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ቤት ስገባ ጽጌ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እያለቀሰች። 'ሽንኩርቱ ነው' አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው እኮ። ሰው ልትሰበስብልኝ፣ እህቴን ልታመጣልኝ፣ ልቤን ልትጠብቅልኝ። አውቄያለሁ ብላት ይሄ ሁሉ ልፋቷ ምን ሊሆን ነው? እኔስ ብሆን? ቫኑ አጠገብ ብቻዬን፣ ስፖንጅ በእጄ ይዤ ሰማሁት። ያንን የመጀመሪያ አድርጌ መያዝ አልፈለግኩም። እንደ ሰው ልረዳ።"

"እኔን አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቁኝ ለዚህ ነው?"

"ጽጌ እንደነገረችሽ ገና ስትገቢ ፊትሽ ነግሮኛል። ሦስተኛው ላይ ወይ ትዋሺኛለሽ ወይ ታለቅሻለሽ። ሁለቱንም አልፈለግሁልሽም።" ተነሱ፤ የዲያሊሲስ ሰዎቻቸው የሚመለሱበት ሰዓት ደርሷል። "ለጽጌ አንዳች እንዳትዪ።"

"እሺ" አልኩ። "ሁለተኛውን ሴሚስተር ግን ይቀጥላሉ?"

ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘጉ። "ከማን ጋር ላውራበት ልጄ?"

የልብ ሐኪሙ መልካም ነው አለ፤ እህታቸውም ከሲያትል መጥተው ዘመድ ቤት ተደብቀው አደሩ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል እኔና እናቴ ከኒው ሆፕ ተነስተን ጋሽ ደምሴ የሚኖሩበት ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ደረስን። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ መንገዱ ሁሉ ነጭ ነው። ሰዎቹ መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው በዝምታ ተሰበሰቡ፤ ሽማግሌዎች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ በሁለት ሰው የተደገፉት እህታቸው። ሁሉም የሚያስበው በረዶው አንሸራትቶት እንዳይወድቅ ነው።

የጋሽ ደምሴ ደጅ ግን ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ ተጠርጓል። ደረጃው ላይ ሰው እንዳያንሸራትት ጨው ተበትኗል።

"ጎረቤታቸው ያ ነጩ ሰውዬ ይሆናል" አሉ አንዱ ሽማግሌ በሹክሹክታ። "ደግ ሰው ነው።"

እትዬ ጽጌ በሩን ቀስ ብለው ከፈቱ። "ተኝቷል" አሉ። ጫማችንን እያወለቅን ገባን። በሩ አጠገብ፣ ከወለሉ ማሞቂያ ላይ፣ አንድ ጥንድ የወንድ ጓንት ተዘርግቶ ይተናል። በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀበትም።

ጋሽ ደምሴ ከመኝታ ቤት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ጆሯቸው ከብርድ የተነሳ ቀልቷል። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ መጨረሻ ላይ እህታቸውን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ ሳይጨርሱ እህታቸው ጮኹ፤ ጋሽ ደምሴም "ጋሼ! ጋሼ!" እያሉ ወደቁ። እትዬ ጽጌና ሌሎቹ ተረባርበው ያዟቸው። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። አንድ ወር ሙሉ ተይዞ የከረመ ነበር፤ አሁን የሚይዙት እጆች ስላገኘ ተለቀቀ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ሲሄድ፣ እትዬ ጽጌ ሳያዩዋቸው፣ ጓንቶቹን አነሳሁና የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። እርጥበታቸው እስከ ጎኔ ዘለቀ።

በቤተሰቡ ዘንድ ጋሽ ደምሴ ወንድማቸውን የተረዱበት ቀን የሚባለው ያ ነው፤ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ አምስት ቀን።